መጀመሪያ ጉሩ፣ ቀጥሎ ገንዘብ

ለንደን ውስጥ የዳንስ ተማሪዎችን የነፃ ትምህርት ማመልከቻ ማየትና ማስተካከል የዕለት ሥራዬ ነው። ህንድ ሄደው ባራታናትያም ወይም ካታክ መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ገና ወንበር ሳይስቡ «ድጋፍ ሰጪዎቹ ስንት ይከፍላሉ?» ይሉኛል። እኔም «ማን ጋር ነው የምትማሩት?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለም።

ምህንድስና ለመማር ዩኒቨርሲቲ መምረጥ ይበቃ ይሆናል። እዚህ ግን ተማሪው የሚቀረፀው በጉሩው፣ ማለትም በአስተማሪው ነው። አቋቋም ለመማር የኔታን ፍለጋ አገር ያቋረጠ የቆሎ ተማሪ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ ሳይፈልግ ይገባዋል። ገንዘብ ሰጪዎቹም ከጉሩው ወይም ከትምህርት ቤቱ የመጣ ደብዳቤ ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል።

የህንድ መንግሥት ድጋፍ ዋናው በር እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው የህንድ የባህል ግንኙነት ምክር ቤት ነው። በዘፋኟ በላታ ማንጌሽካር ስም የሰየመው የነፃ ትምህርት ዕድል በተለይ ለዳንስና ለሙዚቃ ነው። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ የጥበብ አመልካች ደግሞ ቪዲዮ ማያያዝ አለበት።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ቪዲዮው ላይ ነው። የሐር ልብስ፣ ጌጣጌጥ፣ የመድረክ መብራት፣ ከወገብ በላይ የተቀረፀ ፈገግታ ይልካሉ። እግር የለም! የባራታናትያም መሠረቱ ደግሞ እግር ነው፤ ጉልበት ወደ ጎን ተከፍቶ፣ ሰውነት ዝቅ ብሎ፣ መርገጫው ወለሉን ሲመታ። ይህን አቋም አራማንዲ ይሉታል። በቅርቡ አንዲት ልጅ ያመጣችልኝ ቪዲዮ ሳሎን ውስጥ፣ ስልክ ወንበር ላይ ተደግፎ የተቀረፀ ነበር። ተራ የጥጥ ልብስ ለብሳ አንዱን አዳቩ፣ ማለትም መሠረታዊውን እርምጃ፣ በ3 ፍጥነት ሠራችው። ሦስተኛው ላይ ጉልበቷ ቀና ቀና ማለት ጀመረ፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አላቋረጠችም። ያንን ቆርጣ ልታወጣ ፈልጋ ነበር። «እንዳለ ላኪው» አልኳት። አስተማሪ ከየት እንደሚጀምር የሚያየው እዚያ ላይ ነው።

ሌላው ጣጣ ጊዜ ነው። ሩክሚኒ ዴቪ አሩንዴል እ.ኤ.አ. በ1936 የመሠረቱት ካላክሼትራ የተባለው የቼናይ ትምህርት ቤት የሚሰጠው የዳንስ ዲፕሎማ 4 ዓመት ይፈጃል። የአንድ ዓመት ድጋፍ ይዞ የሚነሣ ሰው የቀረውን በምን እንደሚጨርስ ሳይሄድ ይወቅ፤ የተማሪ ቪዛ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቅድምና። አራንጌትራም የሚባለው የመጀመሪያ ብቸኛ ትርኢትም አለ። ዘፋኝ፣ ምሪዳንጋም የተባለውን ከበሮ መቺ፣ ቫዮሊን ተጫዋች፣ ምት የሚመራ ናቱቫናር ያስፈልጉታል፤ ሁሉም ይከፈላቸዋል። በሚመጡልኝ የበጀት ሠንጠረዦች ላይ ይህ ወጪ ተጽፎ ማየት ብርቅ ነው።

እኔ የምመክረው የ4 ዓመት ገንዘብ ከመጠየቅ በፊት አነስተኛ የጉዞ ድጋፍ ጠይቆ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ቼናይ መክረም ነው። ማርጋሪ የሚሉት የሙዚቃና የዳንስ ወቅት ነው፤ ከተማው በትርኢት ይጥለቀለቃል። ጉሩዎቹን መድረክ ላይ ማየት ጥሩ ነው፤ በአዳራሾቹ ካንቲን ቡና ይዞ ከተማሪዎቻቸው ጋር መቀመጥ ግን ይበልጣል። ጉሩዋ በወር ስንት ታስከፍላለች? ክፍሉን የምታስተምረው ራሷ ናት ወይስ ረዳቷ? በዓመት ስንት ወር ውጭ አገር ትርኢት ላይ ትሆናለች? ተማሪዎቿ ይህን ሳይሸሽጉ ይነግሩሃል።