ባትሪው ሲሞት ሞተሩን ማን ያስነሳዋል?

ከጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ቆመን ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ስንመለከት፣ ባሕሩ ሰላም በሚሆንበት ወቅት ከትልልቆቹ የጭነት መርከቦች መካከል ነጭ ሸራ የወጠሩ ትናንሽ ጀልባዎችን አልፎ አልፎ እናያለን። ብዙዎቹ ከስዊዝ ቦይ ወርደው፣ ቀይ ባሕርን አቋርጠው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚሻገሩ ወይም በተቃራኒው የሚጓዙ ናቸው። ዘንድሮ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ "ሸራ ካላቸው ሞተር ምን ያደርግላቸዋል?" ብሎ ጠየቀ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ ደግሞ "ባሕር መካከል ባትሪያቸው ቢያልቅስ?" ስትል አከለች። ለሁለተኛው ጥያቄ ደወሉ ፋታ አልሰጠንም። መልሱ ረዘም ስለሚል፣ ወላጆችም ቢያነቡት ስለሚጠቅም እዚህ ጽፈነዋል።

የሸራ ጀልባ ሞተር ነፋስ ሲቆም መንገድ ያስቀጥላል፤ ጠባብ ወደብ ውስጥ ሲገቡም ከሸራ ይልቅ ይታዘዛል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የጀልባዋ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። በቺንጋ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ዲናሞ ባትሪዎቹን ይሞላል። ባትሪዎቹ ደግሞ የሌሊቱን መብራት፣ የሬዲዮ መገናኛውን፣ አቅጣጫ ጠቋሚውን፣ ሰው ሲተኛ መሪውን የሚይዘውን መሣሪያ፣ በረጅም ጉዞም ላይ የባሕር ውኃን ጨው የሚያጣራውን ማሽን ያሠራሉ። እንደ ባብ ኤል መንደብ ባለ መተላለፊያ ውስጥ በሌሊት ያለ መብራት የምትንሳፈፍን 12 ሜትር ጀልባ የትልቅ መርከብ አዛዥ በቀላሉ አያያትም። ቢያያትም መርከቡን ወዲያው ማቆም አይችልም።

ችግሩ ያለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ባትሪው ነው። ዶሮዋ ከሞተች እንቁላል የለም፣ እንቁላሉ ከተሰበረም ዶሮ የለችም። ከዚህ ዙር ለመውጣት ሞተሩ ከባትሪው የሚፈልገው ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል።

አብዛኞቹ የመርከብና የረጅም ጉዞ ሸራ ጀልባ ሞተሮች በናፍጣ የሚሠሩ ናቸው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁን ለማቀጣጠል የኤሌክትሪክ ብልጭታ አይፈልግም። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. ጀርመን ኦግስቡርግ ውስጥ ሠርቶ ያሳየው ሞተር ምሥጢሩ አየርን አጥብቆ መጭመቅ ነው። የብስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ ሁሉ ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ ፓምፑ ጫፉ ላይ ይሞቃል። ፒስተኑ አየሩን ወደ ሃያኛ እጁ ገደማ ሲጨምቀው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ በዚያች ቅጽበት የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። ነገር ግን ፍጥነት ያስፈልጋል። ቀስ ተብሎ ከተጨመቀ ሙቀቱ ወደ ብረቱ ይሸሻል፣ አየሩም በፒስተኑ ዙሪያ ያመልጣል። ስለዚህ በቀላል አሠራር የተሠራ የናፍጣ ሞተር ለመነሣት የሚፈልገው ኤሌክትሪክን ሳይሆን መዞርን ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲስ ሞተሮች ከዚህ ይለያሉ፤ እነሱ የነዳጅ መርጫቸውን የሚያዘው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ባትሪ ጨርሶ ከሌለ ቢዞሩም አይነሡም። ጀልባ የሚገዛ ሰው ይህን ልዩነት አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ሞተሩን የማዞሩን ሥራ የሚሠራው መካኒኮቻችን ሞተሪኖ የሚሉት ማስነሻ ነው። ትንሽ የጀልባ ሞተርን የሚያስነሳ ሞተሪኖ ከ12 ቮልት ባትሪ 200 አምፔር ያህል ይስባል እንበል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ማባዛት ትችላላችሁ፤ 2,400 ዋት ይሆናል። ጤነኛ ሰው ለረጅም ጊዜ በእጁም በእግሩም ሠርቶ ማውጣት የሚችለው 100 ዋት ገደማ ነው። ይህን ያየ ሰው "እንግዲያው ያለ ባትሪ አይቻልም" ሊል ይችላል። ሌላውን ስሌት ግን እንሥራ። ሞተሪኖው የሚሠራው ለ5 ሰከንድ ብቻ ነው። 200 አምፔር በ5 ሰከንድ ሲባዛ 1,000 ይሆናል፤ አንድ አምፔር ሰዓት 3,600 አምፔር ሰከንድ ስለሆነ፣ ለአንድ ማስነሳት የወጣው 0.28 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። በቀትር ፀሐይ 5 አምፔር የሚሰጥ ባለ 100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ይህን ያህል ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያመነጨዋል። ባትሪው ሲሞላ የሚባክነውን ብንጨምርበት እንኳ ያው ትንሽ ነው። የሚያስፈልገው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ጭንቁ በአንድ ጊዜ መፈለጉ ነው። ከቀጭን ቧንቧ ጠብ ጠብ የሚል ውኃ እሳት አያጠፋም፤ በባልዲ ተጠራቅሞ አንድ ጊዜ ሲደፋ ግን ያጠፋል። ተማሪዎቻችን በፈተና ላይ ጉልበትንና ኃይልን ሲያምታቱ ይህች ባልዲ ብትታወሳቸው ደስ ይለናል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ባትሪው የደከመው መብራት በርቶ አድሮበት ከሆነና ራሱ ካልተበላሸ፣ በጀልባዋ ላይ ያለውን ነገር ሁሉ አጥፍቶ የፀሐይ ሰሌዳው ጥቂት ሰዓት እንዲሞላው መተው ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሚያስቸግረው መታገስ ነው። ሰው ሲደነግጥ ቁልፉን ደጋግሞ ያዞራል፤ እያንዳንዱ ሙከራ ደግሞ የቀረችውን ትወስዳለች።

ከዚያ በፊት ግን ባትሪው በእርግጥ መሞቱን ማረጋገጥ ይገባል። በሚገባ የተሞላ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ሲሆን ግማሹ አልቋል፤ ከ12 በታች ሲወርድ ሊያልቅ ተቃርቧል። መለኪያው 12.6 እያሳየ ሞተሪኖው "ቀጭ" ብሎ ዝም የሚል ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከባትሪው ሳይሆን ከገመዶቹ መያዣ ነው። የባሕር አየር ጨዋማ ነው፤ ነጭና አረንጓዴ ዝገት በመያዣው ላይ ይሠራል፣ በዚያ ቆሻሻ ውስጥ ደግሞ 200 አምፔር አያልፍም። አውልቆ ማጽዳትና አጥብቆ ማሰር ስንት ሰው በከንቱ ከሚገዛው አዲስ ባትሪ ያድናል። በኛ ከተማ ሙቀቱም አለ። የእርሳስ ባትሪ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል ይባላል፤ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ጅቡቲ መኪና ያላችሁ ወላጆች ይህን ከኪሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ጥንቁቅ ባሕረኞች ባትሪዎቻቸውን ይለያሉ። አንዱ ሞተር ከማስነሳት በቀር ለምንም አይነካም፤ ሌሎቹ ለመብራትና ለቀሪው ነገር ናቸው። ሁለቱን የሚያገናኝ ማብሪያ አለ፤ ሞተሩ ከቆመ በኋላ ሁለቱም እንደተገናኙ ከተተዉ ግን መለያየቱ ትርጉም ያጣል፤ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን የማስነሻውንም ባትሪ ይበላዋል። የሚያስነሳው ባትሪ ሲደክም በወፍራም ገመድ ከሌላው መዋስ ይቻላል። አዎንታዊው ከአዎንታዊ፣ አሉታዊው ከአሉታዊ ጋር ይያያዛል። የመጨረሻው ማያያዣ ከባትሪው ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ ይሁን፤ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ አጠገቡ የሚፈናጠር ብልጭታ ሊያፈነዳው ይችላል። ልጆች ይህን ያለ አዋቂ አትሞክሩ።

ሁሉም ባትሪ ቢሞትስ? የድሮ የጭነት መኪና ረዳቶችን የሚያስታውሱ ወላጆች መልሱን ያውቁታል፤ ማኖቬላ ነው። በአንዳንድ ትናንሽና አሮጌ የጀልባ ሞተሮች ላይ ማኖቬላ የሚገባበት ቦታ ዛሬም አለ፤ ከጎኑም ቫልቮቹን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ መዘውር ይኖራል። ቫልቭ ሲከፈት አየሩ አይጨመቅም፣ ስለዚህ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። እየተፋጠነ ሲሄድ ቮላኖ የሚባለው ከባድ የብረት ጎማ ጉልበቱን ያጠራቅማል። በቂ ፍጥነት ሲይዝ መዘውሩ ይለቀቃል፤ ቫልቮቹ ይዘጋሉ፤ ቮላኖው ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ያው ባልዲው ነው፤ እዚህ ግን ባልዲው ብረት ነው። አውራ ጣትን እንደ ሌሎቹ ጣቶች በአንድ በኩል ማድረግ ግድ ነው፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ በተቃራኒ በኩል ያለ አውራ ጣት ይሰበራል።

ሞተሩ ትልቅ ሲሆን ይህም አይበቃም። እዚህ ላይ የሚሼል ዴዥዋዮን ታሪክ ማንሣት አለብን። በፈረንሳይ ብሬታኝ፣ በኮንካርኖ የተወለደው ይህ ባሕረኛ በጓደኞቹ ዘንድ "ፕሮፌሰሩ" ተብሎ ይጠራል፤ እኛ መምህራን እንዲህ ያለ ቅጽል ስም የወጣለትን ሰው በጥሩ ዓይን ማየታችን አይደንቅም። ቫንዴ ግሎብ የሚባለው ውድድር አንድ ሰው ብቻውን፣ ሳያርፍና ከማንም እርዳታ ሳይቀበል በሸራ ጀልባ ዓለምን የሚዞርበት ነው። በኅዳር 2000 እ.ኤ.አ. ከሌ ሳብል ዶሎን ወደብ በተጀመረው ውድድር ላይ ዴዥዋዮ 18 ሜትር ርዝመት ባላት ጀልባው ሲጓዝ፣ ገና ረጅም መንገድ እየቀረው ባትሪዎቹን የሚሞላው ሞተር ማስነሻ ተበላሸ። ባትሪዎቹ ለጊዜው አልሞቱም፤ የሚሞላቸው ከሌለ ግን ማለቃቸው አይቀርም። እነሱ ካለቁ ደግሞ ብቻውን ያለ ሰው ሲተኛ መሪውን የሚይዝለት የለም። ወደብ ገብቶ ቢያሠራ ከውድድሩ ይወጣል።

በእጁ የነበረው ምን ነበር? ገመድ፣ ገመድ የሚዞርባቸው በከራዎች፣ ከ100 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሸራ፣ ነፋስም። ገመዱን በሞተሩ መዘውር ላይ ጠመጠመው። የገመዱን ሌላ ጫፍ በበከራዎች እያዞረ ወደ ላይ አውጥቶ የትልቁን ሸራ ግርጌ ከሚይዘው አግዳሚ ምሰሶ ጋር አሰረው። ሸራውን ወደ ጀልባዋ መካከል ስቦ ያዘውና በድንገት ለቀቀው። ነፋሱ አግዳሚውን ወደ ውጭ ወረወረው፤ አግዳሚው ገመዱን መነተገው፤ ገመዱ ሞተሩን አሽከረከረው፤ ሞተሩም ተነሣ። መብራት ሲጠፋ በገመድ እየሳብን የምናስነሳት የትምህርት ቤታችን ትንሿ ጄኔሬተር አሠራሯ ይኸው ነው። ልዩነቱ ገመዱን የሳበው ክንድ ነፋስ መሆኑ ነው።

ዴዥዋዮ በየካቲት 2001 እ.ኤ.አ. በ93 ቀን ከ3 ሰዓት ከ57 ደቂቃ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛዋ የ24 ዓመቷ እንግሊዛዊት ኤለን ማክአርተር በአንድ ቀን ያህል ብቻ ተከትላው ገባች። የአንድ ቀን ልዩነት በሦስት ወር ጉዞ ውስጥ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ አስቡት።

ኤሌክትሪክ በዚህ ሰው ላይ ሁለተኛ ጊዜም ተነሥቶበታል። በ2008 እ.ኤ.አ. በዚያው ውድድር ከተነሣ ብዙም ሳይርቅ ውኃ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ክፍል ገብቶ ኤሌክትሪኩን አበላሸበት። በዚህ ጊዜ ገመድ አልፈለገም፤ ደንቡ ከመነሻው ወደብ ተመልሶ ማሠራትን ስለሚፈቅድ ተመለሰ። እንደገና ሲነሣ ሌሎቹ በ40 ሰዓት ያህል ቀድመውት ነበር። ከ30 ተወዳዳሪዎች 11ዱ ብቻ በጨረሱበት በዚያ ውድድር በ84 ቀናት አሸነፈ። አንዱን ጊዜ በባሕር ላይ መላ መፍጠሩ፣ ሌላውን ጊዜ ሳያፍር መመለሱ፣ ለኛ እኩል ያስደንቀናል።

የዛሬዎቹ የረጅም ጉዞ ጀልባዎች ከፀሐይ ሰሌዳ ሌላ ከኋላቸው ውኃ ውስጥ የሚዞር ትንሽ ተርባይን ይይዛሉ፤ ጀልባዋ በሸራ ስትሄድ ውኃው ያዞረዋል፣ እሱም ባትሪ ይሞላል። ሞተሩ ባይነሣም ኤሌክትሪክ አይጠፋም ማለት ነው።

በዓመት አንድ ሁለቴ ወደ ሙሻ ደሴት ለመዝናናት ጀልባ ለምትከራዩ ቤተሰቦች አንድ ነገር እንንገራችሁ። በነዚያ ጀልባዎች ጀርባ የሚታሰረው የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ ብዙዎቹ ግን ቮላኖው ሲዞር ብልጭታውን በራሳቸው ያመነጫሉ፣ ባትሪ ቢሞትም ይነሣሉ። በመካከለኛና በትንሽ ሞተሮች ክዳን ሥር በቮላኖው ላይ ለገመድ የተቆረጠ ቦይ አለ፤ ጫፉ የተቋጠረ አጭር ገመድም ከመሣሪያዎቹ ጋር ይመጣል። ከመሳፈራችሁ በፊት ጀልባ ነጂውን "ገመዱ የት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ከመቀመጫው ሥር ወዲያው አውጥቶ ካሳያችሁ ተሳፈሩ።