የቱቦው ደም የማን ነው?

ካርል ላንድሽታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 የሰው ደም በዓይነት እንደሚለያይ ሲያሳውቅ የመረመረው የራሱንና የባልደረቦቹን ደም ነበር። ከዚያ በኋላ ምርመራው ለብዙ አሥርት ዓመታት በእጅና በዓይን ላይ ቆየ። አንድ ጠብታ ደም ከአንድ ጠብታ መመርመሪያ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፤ ባለሙያውም ስላይዱን እያዘነበለ ሕዋሳቱ መጣበቃቸውን ያያል። ደካማ መጣበቅ ከሌሊት ተረኛ ዓይን ያመልጣል። ጠብታው ሲደርቅ ደግሞ ያልተጣበቀው የተጣበቀ ይመስላል። ውጤቱ ወደ መዝገብ ሲገለበጥም ስህተት ይገባል። ደሙ ኦ ለሆነ ሰው ኤ ከተሰጠው ሰውነቱ የገባውን ሕዋስ በደቂቃዎች ውስጥ ማፈራረስ ይጀምራል፤ ኩላሊት ሥራ ሊያቆም፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል።

ይህን ሥራ ከእጅ ወደ ማሽን ለማሸጋገር በር የከፈተው፣ በእኔ እምነት፣ የሮቦት ክንድ ሳይሆን አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ካርድ ነው። ፈረንሳዊው ኢቭ ላፒየር በ1980ዎቹ ጄል የተሞሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉት ካርድ ሠራ። ካርዱ በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር እርስ በርስ የተጣበቁ ሕዋሳት ጄሉ ላይ ይቀራሉ፤ ያልተጣበቁት ሾልከው ታች ይደርሳሉ። ውጤቱ እንደ ስላይዱ ቶሎ አይጠፋም፤ ሁለተኛ ሰው ሊያየው፣ ካሜራም ሊያነሳው ይችላል። ዛሬ ማሽኑ የናሙናውን ባርኮድ ያነባል፣ ፈሳሹን ለክቶ ይጨምራል፣ ያሽከረክራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ውጤቱንም ማንም ሳይገለብጠው ለኮምፒውተር ያስረክባል። እንዲህ ያለ ማሽን በሌለበት ቦታ ደግሞ ያው ካርድ በእጅ ተሠርቶ በዓይን ሊነበብ ይችላል፤ ይህን ቀላል ጥቅም አድርጌ አላየውም።

በተለገሰ ደም ምርመራም ለውጡ ትልቅ ነው። የቫይረስን ዘረ መል የሚፈልጉ ማሽኖች አንድ ሰው በኤች አይ ቪ ከተያዘ በኋላ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበትን ጊዜ ከሦስት ሳምንት ገደማ ወደ አሥራ አንድ ቀን ያህል አሳጥረዋል።

ማሽኑ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ቱቦው ውስጥ ያለው ደም የማን እንደሆነ። ከ1996 ጀምሮ በብሪታንያ የደም መስጠት ስህተቶችን የሚመዘግበው ሾት የተባለው ፕሮግራም ደጋግሞ የሚያሳየው፣ ብዙው አደጋ ከላቦራቶሪው ውጭ፣ ሰውን ከሰው በማምታታት እንደሚጀምር ነው። በተሳሳተ ስም የመጣን ናሙና ማሽኑ በትክክል መርምሮ የተሳሳተ ሰው ላይ ይጽፈዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የዛሬውን ውጤት ከቀድሞው ያነጻጽራል፤ የቀድሞ ከሌለ ሁለተኛ ናሙና ይጠየቃል። ኦክስፎርድ ውስጥ ደግሞ ባርኮዱ እስከ አልጋው ድረስ ሄዷል፤ የሕመምተኛው የእጅ አምባርና የደሙ ከረጢት አብረው ይነበባሉ።

ከዚያም በፊት ግን፣ ናሙናው ሲወሰድ፣ ነርሷ አልጋው አጠገብ ቆማ ትጠይቃለች። «አቶ እገሌ ነዎት?» አትልም፤ የደከመ ሰው ለማንም ስም «አዎ» ይላልና። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ትላለች። ቱቦው ላይም ስሙን እዚያው ትጽፋለች፣ ከአልጋው ሳትርቅ።