መንስኤና ውጤት

መንስኤና ውጤት ማለት አንድ ነገር (መንስኤው) ሌላውን (ውጤቱን) የሚያስከትልበት ግንኙነት ነው። ሳይንስ፣ ሕክምና፣ ፍርድ ቤትና የዕለት ተዕለት ኑሮ ሁሉ «ይህን ያመጣው ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ አያመልጡም። ይሁን እንጂ ግንኙነቱ ራሱ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ስለ መንስኤ የሚሰጥ ድምዳሜ ብዙውን ጊዜ ከጥርጣሬ ፈጽሞ የጸዳ አይደለም።

የሁም ጥያቄ

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሁም (እ.ኤ.አ. 1711–1776) ችግሩን በከረምቡላ ኳስ አስረድቷል። አንዷ ኳስ ሌላዋን ስትመታ፣ የተመታችው ትንቀሳቀሳለች። የምናየው መጀመሪያ ግጭቱን፣ ቀጥሎም እንቅስቃሴውን ነው፤ አንዷ ሌላዋን የምታስገድድበትን ኃይል ግን አናይም። እንደ ሁም አስተሳሰብ ሁለት ነገሮች ደጋግመው ሲከታተሉ አእምሯችን ከልማድ የተነሣ የመጀመሪያውን ባየ ቁጥር ሁለተኛውን ይጠብቃል።

ተዛምዶና መንስኤ

መከታተል ብቻውን መንስኤነትን አያረጋግጥም። ዶሮ ከጮኸ በኋላ ይነጋል፤ ፀሐይን የሚያወጣት ግን ዶሮው አይደለም። «ሀ» እና «ለ» የተባሉ ሁለት ነገሮች አብረው ከታዩ ቢያንስ አራት ማብራሪያዎች ይኖራሉ፦

1. «ሀ» የ«ለ» መንስኤ ነው።
2. «ለ» የ«ሀ» መንስኤ ነው።
3. ሁለቱንም ያመጣ ሦስተኛ ነገር አለ። ለምሳሌ ጃንጥላና ጭቃ አብረው የሚበዙት ዝናብ ስለሚዘንብ ነው።
4. ነገሩ አጋጣሚ ነው።

እነዚህን ለመለየት ከሚረዱት መንገዶች ዋነኛው በዕጣ መመደብ ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ለእርሻ ምርምር ያዳበረው ይህ ዘዴ፣ የትኛው መደብ ማዳበሪያ እንደሚደረግበት በዕጣ ይወስናል። ዕጣው የአፈሩን ለምነት ስለማያውቅ፣ ለሙ መሬት ሁሉ በአንድ ወገን የመሰብሰብ ዕድሉ አነስተኛ ይሆናል። ነገር ግን ዘዴው ለሁሉም ጥያቄ አይሠራም። ሰዎችን በዕጣ መርጦ ለ20 ዓመት ሲጋራ እንዲያጨሱ ማድረግ አይቻልም።

ምሳሌ፦ ሲጋራና የሳንባ ካንሰር

እ.ኤ.አ. በ1950 የብሪታንያ ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ዶል እና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የሳንባ ካንሰር የያዛቸውን 649 ወንዶች፣ ሌላ ሕመም ካለባቸውና በዕድሜ ከሚመሳሰሏቸው 649 ወንዶች ጋር አነጻጸሩ። ከካንሰር ሕሙማኑ መካከል የማያጨሱት 2 ብቻ ሲሆኑ ከሌሎቹ ግን 27 ነበሩ።

ፒፓ አጫሽ የነበረው ፊሸር ድምዳሜውን ተቃወመ። ምናልባት አንድ በዘር የሚተላለፍ ባሕርይ ሰውን ለማጨስም ለካንሰርም ያጋልጠው ይሆናል ሲል ሦስተኛውን ማብራሪያ አነሣ። የትምባሆ ኩባንያዎችም በ1954 ከ400 በሚበልጡ የአሜሪካ ጋዜጦች ባወጡት መግለጫ ጉዳዩ አልተረጋገጠም ብለው ተከራከሩ።

መልሱ ከአንድ ጥናት አልመጣም። ዶልና ሂል ከ1951 ጀምሮ ከ40,000 የሚበልጡ የብሪታንያ ሐኪሞችን ተከታተሉ። ማጨሳቸው የተመዘገበው ከመታመማቸው በፊት ስለነበር ቅደም ተከተሉ ግልጽ ሆነ። ብዙ ያጨሱት ይበልጥ ታመሙ፤ ያቆሙት ደግሞ አደጋቸው ቀነሰ። በ1959 ጀሮም ኮርንፊልድና ባልደረቦቹ የፊሸርን ሐሳብ በስሌት ፈተኑት። የአጫሾች አደጋ ከማያጨሱት 9 እጥፍ ከሆነና ይህን ሁሉ ያመጣው የተደበቀ ባሕርይ ከሆነ፣ ባሕርዩ በአጫሾች ዘንድ ቢያንስ 9 እጥፍ በዝቶ መገኘት ነበረበት። እንዲህ ያለ ባሕርይ አልተገኘም። በ1964 የአሜሪካ መንግሥት ዋና የጤና ኃላፊ ሪፖርት ሲጋራ በወንዶች ላይ የሳንባ ካንሰር መንስኤ ነው ብሎ ደመደመ።

እርግጠኛ አለመሆን

«አያቴ ሲያጨሱ 90 ዓመት ኖረዋል» የሚለው ክርክር ሁለት ጥያቄዎችን ያምታታል። አንደኛው «ማጨስ ካንሰር ያመጣል ወይ?» የሚል ሲሆን መልሱ ከበቂ በላይ ተረጋግጧል። ሁለተኛው «ይህ ሰው ይታመማል ወይ?» የሚል ሲሆን የሚመለሰው በዕድል መጠን ብቻ ነው። መንስኤ ውጤቱን ሁልጊዜ ባያመጣም ዕድሉን ከፍ ካደረገው መንስኤ መሆኑ አይቀርም። የአንድ ሰው ታሪክ ለማስታወስ ስለሚቀል ግን የሰው አእምሮ ከሺህዎች መዝገብ ይልቅ ለእርሱ ያደላል።

የሐኪሞቹ ጥናት 50 ዓመት ቀጥሎ በ2004 በወጣው ውጤት፣ ሲጋራ ማጨስ የቀጠሉት ፈጽሞ ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው መሞታቸው ታወቀ። በ50 ዓመታቸው ያቆሙት ከዚህ ውስጥ 6 ዓመት ያህሉን አትርፈዋል። ብራድፎርድ ሂል በ1965 እንዳስገነዘበው፣ ማንኛውም የሳይንስ ሥራ ያልተሟላና ሊሻሻል የሚችል ነው፤ ይህ ግን በእጅ ያለውን ዕውቀት ችላ ለማለትም ሆነ እርምጃን ለማዘግየት ፈቃድ አይሰጥም።