ቡስተሩ የሚሰካው የት ነው?

ወጣት ጊታሪስቶች ሲያገኙኝ የሚያነሱት ጥያቄ ያው ነው፤ «የትኛው ቡስተር ይሻላል?» በስልካቸው ያዩት ማነጻጸሪያ አንዱን ፔዳል «ሞቅ ያለ»፣ ሌላውን «ጥርት ያለ» ብሎታል። እኔ ደግሞ «ጊታርህን የምትሰካው የት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ መልሱ አይለያይም፦ ሚክሰር ላይ፣ ከዚያ ወደ ሞንታርቦ። ሠርግ ዳስ ውስጥ የጊታር አምፕ፣ ያውም ባለ ቫልቭ፣ ያየ ካለ ይንገረኝ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቡስተር በራሱ ድምፅ አይሠራም፤ ከጊታሩ የሚወጣውን ደካማ ሲግናል ያጎላል እንጂ። 6 ዴሲቤል ጨመረ ማለት ቮልቴጁን እጥፍ አደረገው ማለት ነው፣ 20 ዴሲቤል ከሆነ 10 እጥፍ፣ 26 ከሆነ ደግሞ 20 እጥፍ ገደማ። ባለ ቫልቭ አምፕ ይህን ሁሉ ሲጭኑበት በአንዴ አይበላሽም፤ ቀስ እያለ ይሻክራል፣ ጆሮ የሚወደው የሮክ ጉርምርምታም ከዚያ ይመጣል። በ1960ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆቹ) ለንደን ውስጥ የተሠራው ዳላስ ሬንጅማስተር በአንዲት የጀርማኒየም ትራንዚስተር ብቻ ስም ያተረፈው በዚህ ነው። ብራያን ሜይ ቮክስ ኤሲ 30 አምፕ ላይ ሲሰካው የሰማነው ድምፅ የፔዳሉ ብቻ አይደለም፣ የአምፑም ጭምር ነው። ሚክሰር እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ቀዩ መብራት በርቶ ካለፈ በኋላ የሚወጣው ጭርጭርታ ነው፤ ሙሽሮቹም ይሰሙታል።

ስለዚህ ባለ ቫልቭ አምፕን «ለማስጮህ» የተሠሩትን፣ ሬንጅማስተርንና ቅጂዎቹን፣ ለእኛ ሥራ አልመክርም። ሬንጅማስተር ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያነሣ ሞንታርቦው አናት ላይ ያለው ትዊተር ጆሮ ይበሳል። እርግጥ አንድ የሚያስቀና ነገር አለን፦ ጀርማኒየም ሙቀት አይወድም፣ ሲሞቅ ጠባዩ ይለዋወጣል፣ ከ2,500 ሜትር በላይ የተቀመጠችው እንጅባራ ደግሞ ለእሱ ምቹ ናት። ብርዱ ግን ትዊተሩን አያለዝብልንም።

ከሬንጅማስተር ጥቂት ዓመት ቆይቶ ኒውዮርክ ላይ የማይክ ማቲውስ ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ያወጣው ኤል ፒ ቢ-1 በዋጋው ልከኛ ነው፣ ድንጋይም አይበላም። ችግሩ መግቢያው ላይ ነው። የጊታር ፒክአፕ የሚፈልገው 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሆነ፣ ብዙ የማይጎትተው መግቢያ ነው። የሚክሰር የላይን መግቢያ ግን በአሥር ሺዎች ኦም የሚለካ ስለሆነ ጊታሩን በቀጥታ ሲሰኩት ድምፁ ይታፈናል፤ ገመዱ ሲረዝም ደግሞ ይብሳል። ኤል ፒ ቢ-1 የራሱም መግቢያ ዝቅተኛ ስለሆነ ቮልዩሙን ቢያነሣም መታፈኑን አያስቀርም። የኤም ኤክስ አር ማይክሮ አምፕ ግን መግቢያው በጣም ከፍተኛ ነው፤ ያለችውን አንዲት ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጌ ሙሉ ምሽት አብርቼ የምተወው ጊዜ አለ። ሰው «ምን ይሠራልሃል?» ይለኛል። ጊታሩን ከሚክሰሩ ያስታርቅልኛል።

ለሶሎ ግን ማጉላት ብቻውን አይበቃም። የሠርግ ባንድ ኪቦርድ ቤዙንም፣ ማጀቢያውንም፣ ቀጭኑንም ይዞታል። የእኛ ጊታር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዜማውን በነጠላ ኖታ ነው የሚከተለው። ሰላም ሥዩም ከአይቤክስ እስከ ሮሃ ባንድ የተጫወተውን የሰማ ያውቀዋል፤ ትዝታው ወይም ባቲው ላይ የምትጨመረው ትንሽ ጌጥ ካልተሰማች ጊታሩ መድረክ ላይ ቆመ እንጂ አልተጫወተም። ይህች ጌጥ የምትኖረው መሃል ድምፁ ላይ ነው። ስለዚህ ምርጫዬ ሁለት ነው። አንዱ ቲዩብ ስክሪመር ነው፤ ድራይቩን ዜሮ አድርጎ ሌቭሉን ማንሣት። 700 ኸርዝ አካባቢ ያለው ጉብታው ኪቦርዱን ሰንጥቆ ያልፋል። ሌላው፣ ከሁሉም የምወደው፣ እንደ ቡስተር የማይቆጠረው ቦስ ጂ ኢ-7 ኢኳላይዘር ነው። የ800 ኸርዟን ዘንግ 4 ወይም 5 ዴሲቤል፣ ሌቭሉን 3 ያህል አነሣለሁ፤ የ6.4 ኪሎ ኸርዟን ጥቂት ዝቅ አደርጋለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን አትዝለሏት፤ ፔዳሉ ሽሽ የማለት ጠባይ አለበት፣ ሸራ ወይም ቆርቆሮ ስር ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ይመላለሳል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ እንደሚከበርበት ያለ ክፍት ሜዳ ሲሆን ግን ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፣ ጊታሩም ይሳሳል፤ ያኔ የ200 ኸርዟንም ትንሽ ነካ አደርጋታለሁ።

ኢፒ ቡስተር ያላቸው ይቀየሙኝ ይሆናል። ጥሩ ፔዳል ነው፤ ጥሩ አምፕ ላለው።

ከፔዳሉ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ሚክሰሩ ጋ የተቀመጠው ልጅ ነው። ሶሎው ደርሶ ቡስተሩን ስረግጠው ቀዩ መብራት ብልጭ ይላል፣ ጣቱም ወዲያው የጊታሩ ፌደር ላይ ትወርዳለች። ሶሎው አልቆ ቡስተሩን ሳጠፋ ፌደሩ ወርዶ ቀርቷል፤ የቀረውን ዘፈን ለራሴ እጫወታለሁ። አልፈርድበትም፣ ሥራው ነው። አሁን ግን ድምፅ ስንሞክር ቡስተሩን አብርቼ፣ በሠርጉ ላይ እንደምመታው አጥብቄ እየመታሁ፣ «ጌኑን በዚህ ልክ አድርገው» እለዋለሁ። ከዚያ አጠፋዋለሁ፤ ሳጠፋው በጣም ዝቅ ያለ ከመሰለው ፌደሩን ያንሣ፣ ጌኑን ግን አይንካ። ልዩነቱ 5 ወይም 6 ዴሲቤል ከሆነ በቂ ነው። ማይክሮ አምፕ 26 ስለሚሰጥ ብቻ 26ቱንም መጠቀም የለብንም።

አዲስ ፔዳል ለሚገዛ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ አብዛኞቹ የሚፈልጉት 9 ቮልት፣ መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ አዳፕተር ነው። ሱቅ ውስጥ የሚገኘው የራውተር አዳፕተር ብዙውን ጊዜ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው፤ ልኩ ገጠመ ብላችሁ አትሰኩት፣ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ሥዕል እዩ። መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲነሣ እኔ ራሴ ከአዳፕተር ይልቅ ድንጋይ እመርጣለሁ፤ የጃኩ ገመድ ፔዳሉ ላይ እንደተሰካ ካደረ ግን ድንጋዩ ሲያልቅ ያድራል፣ ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ መጀመሪያ የምነቅለው እሱን ነው።