የማይለቅ ፍሬን



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መኪና ፍሬን ነው። «መኪና የለን፣ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ግን ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ስንሄድ ሁላችንም የዓባይን በረሃ እንወርዳለን። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዙ ከደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በዚያ ቁልቁለት የሹፌሩም የተሳፋሪውም ነፍስ ፍሬኑ ላይ ናት።

አንድ ቀን በአሮጌ ሚኒባስ ስጓዝ፣ ሹፌሩ ደጀን ላይ አቆመ። የሚቃጠል ነገር ሸቶት ነበር። «ሹፌር፣ ንዳ እንጂ፣ መሸብን!» ብለን አጉረመረምን። እኔም ከአጉረምራሚዎቹ አንዱ ነበርኩ። እሱ ግን ወርዶ እጁን ሳያስነካ ወደ አራቱም ጎማዎች አስጠጋ። የቀኙ የፊት ጎማ ቸርኬ እንደ ምጣድ ግሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ሳህን አለ፤ ዲስክ ይባላል። ካሊፐር ደግሞ ዲስኩን እንደ አንጥረኛ ጉጠት በሁለት በኩል ይይዛል። ፍሬን ስትረግጡ የፍሬን ዘይት ፒስተኑን ይገፋል። ፒስተኑም ሸራውን ዲስኩ ላይ ያጣብቃል። እግራችሁን ስታነሡ መልቀቅ አለበት። በአሮጌ መኪና ግን ጭቃና ዝገት ይገባል። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ይደርቃሉ። ያን ጊዜ ፍሬኑ ይዞ ይቀራል።

ታዲያ ምን ይጎዳል? ሸራው ሲፋተግ ይግላል። ግለቱ ዘይቱን ያፈላዋል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ፒስተን አይገፋም። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። የማይለቅ ፍሬን መጨረሻው የማይዝ ፍሬን ነው።

ምልክቱን ዕወቁ። አንድ ጎማ ብቻውን ይግላል። የመቃጠል ሽታ ይመጣል። መኪናው፣ አንዱ በሬ እንደ ሰነፈ ጥማድ፣ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

አሁን ወደ ጥገናው እንምጣ።

አንደኛ፣ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና ብረቱ እስኪበርድ ጠብቁ። ውሃ አታፍሱበት፤ ዲስኩ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለሌሎቹ ጎማዎች ታኮ አድርጉ። በክሪክ አንሡና ጠንካራ ማቆሚያ አስገቡ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግቡ።

ሦስተኛ፣ ጎማውንና ካሊፐሩን ፍቱ። ካሊፐሩን በሽቦ አንጠልጥሉት። በዘይት ቱቦው እንዳይንጠለጠል።

አራተኛ፣ ዘንጎቹን አጽዱና ለፍሬን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ ቀቡ። ሸራውንና ዲስኩን ግራሶ አይንካ።

አምስተኛ፣ ፒስተኑን በሞርሳ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉ። እምቢ ካለ፣ ወይም ጎሚኒው ከተቀደደ፣ ጋራዥ ይሂድ።

ስድስተኛ፣ ከገጠማችሁ በኋላ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ርገጡ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ በዝግታ ሞክሩ።

ዘይት ስትጨምሩ የመያዣውን ክዳን አንብቡ። ዶት 3 ወይስ ዶት 4 ይላል? ቁጥሩን ከጠርሙሱ ጋር አስተያዩ። ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። የሞተር ዘይት ከተጨመረ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ፍሬኑም ይበላሻል። ቁጥር ማንበብ ነፍስ ያድናል የምንለው ለዚህ ነው።

ያን ዕለት ሹፌሩ የደረቁትን ዘንጎች አጽድቶ፣ ግራሶ ቀብቶ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ወረደ። ሁለት ሰዓት ዘገየን። ድልድዩን ስንሻገር ግን የሚያጉረመርም አልነበረም።

እስቲ እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ፦ ፍሬን፣ ዲስክ፣ ሸራ፣ ታኮ፣ ግራሶ።

ጥያቄ፦ የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ የማይፈሰው ለምንድን ነው? መልሱን ለጎረቤታችሁ አስረዱ።