ምዕራፍ ሰባት፦ ሰውነት መቼና በምን ቅደም ተከተል ይሠራል? የዕድገት ሥነ ሕይወትን በባዮሜዲካል ሳይንስ ዲግሪ ውስጥ ስለ መምረጥ

በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሜዲካል ሳይንስ የሚማር ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው ሁሉም በሚወስዳቸው ኮርሶች ነው፤ ሴል ባዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ጄኔቲክስ፣ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ። ምርጫው የሚሰፋው ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። ፋርማኮሎጂ፣ ኢሚዩኖሎጂ፣ የነርቭ ሳይንስና የካንሰር ባዮሎጂ ይቀርባሉ፤ ከእነሱም ጎን ዴቨሎፕመንታል ባዮሎጂ ወይም የዕድገት ሥነ ሕይወት አለ። ይህ ዘርፍ አንዲት የዳበረች እንቁላል እንዴት ሙሉ አካል እንደምትሆን ያጠናል። ኮርሱን ለመዝለል ሰበብ አይጠፋም፤ ስሙ የታወቀ የሥራ መደብ አይጠራም፣ መጽሐፉ በዝንብና በእንቁራሪት ሥዕል የተሞላ ነው፣ ቤተሰብም «ይሄ ደግሞ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ ይጠይቃል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ግን ተቃራኒ ነው። ሌሎቹ ኮርሶች በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራሉ። የዕድገት ሥነ ሕይወት ግን መቼ፣ ከምን ቀጥሎ፣ በማን ትእዛዝ እንደተሠራ ያስጠይቃል። ይህን መጠየቅ ያልለመደ ባለሙያ የብዙ በሽታዎችን መነሻ ማየት አይችልም።

የትምህርቱ መነሻ እንቆቅልሽ ቀላል ይመስላል። የቆዳ ሴልም የጉበት ሴልም የሚይዙት የዘረመል መረጃ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ታዲያ ልዩነታቸው ከየት መጣ? ጆን ገርደን በ1962 ባሳተመው ሥራ ከእንቁራሪት እጭ አንጀት የወሰደውን የሴል አስኳል፣ የራሷ አስኳል ከተወገደባት እንቁላል ውስጥ አስገብቶ የሚዋኝ እጭ አገኘ። የአንጀት ሴል ሌላ አካል ለመሥራት የሚያስፈልገውን መረጃ አልጣለም ማለት ነው፤ ልዩነቱን የሚወስነው ከመረጃው ውስጥ የትኛው እንደሚነበብና መቼ እንደሚነበብ ነው። ሺንያ ያማናካ በ2006 አራት ዘረመሎችን ብቻ በመጨመር የአይጥን የቆዳ ሴል ወደ ሽል መሰል ሁኔታ መለሰ፤ ሁለቱም በ2012 የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ ላብራቶሪ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው የዶሮ እንቁላል ነው። 38 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ለሦስት ቀን የታቀፈውን እንቁላል በጎኑ ያስተኛል፤ በመርፌ ጥቂት ነጩን ፈሳሽ መጥጦ ሽሉን ከቅርፊቱ ዝቅ ያደርጋል፤ ከዚያ በትንሽ መቀስ ከላይ መስኮት ይቆርጣል። በእንቁላሉ ቢጫ አስኳል ላይ የደም ሥሮች መረብ ተዘርግቶ፣ መሐሉ ላይ ከሩዝ ፍሬ ብዙም ያልበለጠ ሽል ይታያል፤ ልቡም ይመታል። የዶሮ ልብ መምታት የሚጀምረው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ክንፉ ገና ቡቃያ ሳይሆን፣ ሳንባው ገና ሳይሠራ። ቅደም ተከተል ሕይወት የተያዘበት ሥርዓት መሆኑን ተማሪው የሚረዳው እዚያ ነው።

ይህ ሥርዓት ለሕክምና ምን እንደሚነግር ከታሊዶማይድ ታሪክ በላይ አጉልቶ የሚያሳይ የለም። መድኃኒቱ በ1957 በምዕራብ ጀርመን ገበያ ላይ ዋለ፤ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽና ለእንቅልፍ ወሰዱት። በ1961 መጨረሻ ከዚያ ገበያ ወጣ፤ በዓለም ዙሪያ ግን ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጃቸው ወይም እግራቸው አጥሮ፣ አንዳንዶቹም ጆሮና የውስጥ አካላቸው ተጎድቶ ተወለዱ። ኋላ ሲጣራ ጉዳቱ የሚደርሰው ከጽንሰት በኋላ በግምት ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደሆነ ታወቀ። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ እንኳ መጀመሪያ ላይ የወሰደች እናት ልጅ ጆሮው ይጎዳል፣ ትንሽ ቆይታ የወሰደችው ልጅ ክንዱ፣ ከዚያም የዘገየችው ልጅ እግሩ። የመድኃኒቱ ኬሚስትሪ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሽሉ የደረሰበት ሰዓት ነው። ስለ መርዝ መጠን ብቻ የተማረ ሰው ይህን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም። የአካል ክፍሎች በየትኛው ቀን መሠራት እንደሚጀምሩ የሚያውቅ ግን ጉዳቱን አይቶ ቀኑን ሊገምት ይችላል። ዛሬ መድኃኒቱ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰርና ከሥጋ ደዌ ጋር ለሚመጣ ብርቱ የቆዳ ቁጣ ያገለግላል፤ ጥቅም ላይ የሚውለውም እርግዝናን በጥብቅ በመከላከል ነው፤ ይህ ጥንቃቄ ራሱ የዚህ ሳይንስ ውጤት ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ የነርቭ ቱቦ ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚጀምሩት በሽሉ ጀርባ ላይ እንደተዘረጋ ጠፍጣፋ ሽፋን ነው፤ ዳርና ዳሩ ተነሥቶ ይገጥምና ቱቦ ይሆናል። ይህ የሚያልቀው ከጽንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን በቅጡ ሳያውቁ። ታችኛው ክፍል ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል፤ ላይኛው ካልተዘጋ አንጎሉ በሚገባ ስለማይሠራ አይተርፍም። በ1991 የታተመው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ጽንስ የገጠማቸው ሴቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። አሜሪካ በ1998 ፎሊክ አሲድ በእህል ምርቶች ውስጥ እንዲገባ ያስገደደችው የእርግዝና ክትትል ሲጀመር ጊዜው ስለሚያልፍ ነው። በኢትዮጵያ በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ከ10,000 ውልደት ከ100 በላይ የሚሆኑት በዚህ ችግር የተጠቁ መሆናቸውን መዝግበዋል፤ ይህ ከአብዛኛው ዓለም እጅግ የላቀ ቁጥር ነው። ክኒኑን በመጀመሪያው የክትትል ቀን መስጠት ለነርቭ ቱቦ ዘግይቷል። ዱቄትን በፋብሪካ ማበልጸግም ጤፉን በሰፈር ወፍጮ ቤት ለምታስፈጭ እናት አይደርሳትም። ችግሩን በጊዜ ሚዛን የሚያስብ ባለሙያ መፍትሔውን የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው፤ ጨውን በማበልጸግ፣ ለጋብቻ በደረሱ ወጣት ሴቶች ምግብ፣ በትምህርት ቤት።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንለፍ። የመጀመሪያውና የተለመደው «ስለ ሰው በሽታ ልማር ብሄድ ዝንብ ያስቆጥሩኛል» የሚለው ነው። መልሱ በአይዳሆ የበግ መንጋ ይጀምራል። በ1950ዎቹ በዚያ ግዛት የበግ አርቢዎች ግንባሩ መሐል አንድ ዓይን ብቻ ያለው ግልገል በመወለዱ ተቸገሩ። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ለዓመታት ተከታትለው እናት በጎቹ በእርግዝናቸው 14ኛ ቀን አካባቢ አንድ የተራራ ተክል መብላታቸውን ደረሱበት፤ ከተክሉ የወጣውንም ንጥረ ነገር ሳይክሎፓሚን አሉት። ሌላ ቦታ፣ በጀርመን ሃይደልበርግ፣ ክርስቲያነ ኑስላይን-ፎልሃርድና ኤሪክ ቪሻውስ በፍራፍሬ ዝንብ እጮች ላይ ሠርተው በ1980 የሰውነትን ክፍፍል የሚያዛቡ ዘረመሎችን ዘረዘሩ፤ አንዱን ሄጅሆግ ብለው ሰየሙት። በ1990ዎቹ የዚሁ ዘረመል ዘመድ በዶሮ፣ በአይጥና በሰው ተገኘ፤ በዶሮ ክንፍ ቡቃያ ውስጥ የጣቶችን ቅደም ተከተል የሚያዘውም፣ ፊትን ግራና ቀኝ የሚከፍለውም እሱ ሆነ። ሳይክሎፓሚን የሚዘጋው ይህንኑ የመልእክት መስመር እንደሆነ ተረጋገጠ። ተመራማሪዎችም መስመሩ ያለልክ ሲከፈት አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር እንደሚያስነሳ ስላወቁ የሚዘጋው መድኃኒት ፈለጉ፤ ቪስሞዴጊብ የተባለው በ2012 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዝንብ፣ በግና የካንሰር ሕመምተኛ የተገናኙት አካልን የሚሠሩት መሣሪያዎች በአብዛኞቹ እንስሳት ስለሚመሳሰሉ ነው።

ነገር ግን ተቃዋሚው ከያዘው ውስጥ እውነት አለ፤ ሊሸፈንም አይገባም። ታሊዶማይድ በተለመዱት የላብራቶሪ አይጦች ላይ የእጅና የእግር ጉዳት አያደርስም፤ በጥንቸል ላይ ግን ያደርሳል። በአይጥ ላይ ብቻ የተደገፈ ምርመራ ሰውን አያድንም ነበር። ጥሩ የዕድገት ሥነ ሕይወት ኮርስ ይህን አይደብቅም፤ እንዲያውም በየትኛው እንስሳ ምን መጠየቅ እንደሚቻልና እንደማይቻል ያስተምራል። ዜብራ ዓሣ ሽሉ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የልብን አሠራር በዓይን ለመከታተል ይመቻል፤ ዶሮ ለመቁረጥና ለመትከል ይመቻል፤ አይጥ ዘረመልን ለመለወጥ ይመቻል። ማስረጃን ከምንጩ ጋር መመዘን የሚለመደው በእንዲህ ያለ ንጽጽር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ እንጀራ ነው፤ ክብደቱም ትልቅ ነው። የውጭ አገር ተማሪ የሚከፍለው ክፍያ ከአገሬው ተማሪ እጅግ ይበልጣልና «በመጨረሻ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው። ግልጽ መሆን ያለበት፣ የባዮሜዲካል ሳይንስ ዲግሪ ሐኪም አያደርግም፤ ወደ ሕክምና ትምህርት የሚያሸጋግረው በርም ጠባብና ውድ ነው። በብሪታንያ በሆስፒታል ላብራቶሪ ባዮሜዲካል ሳይንቲስት ተብሎ ለመሥራት በሙያው ተቋም ዕውቅና ያለው ዲግሪና በመንግሥት መዝገብ መመዝገብ ይጠይቃል፤ ስማቸው የሚመሳሰል ፕሮግራሞች ሁሉ ይህ ዕውቅና የላቸውም። ስለዚህ የሆስፒታል ላብራቶሪን የሚያልም ተማሪ መጀመሪያ ይህን አጣርቶ፣ የዕድገት ሥነ ሕይወትን በውስጡ እንደ ምርጫ ይውሰድ። ምርምርን የሚያልም ደግሞ ዘርፉ በስም የሚጠራባቸውን ትምህርት ክፍሎች ይመልከት፤ ካምብሪጅ ፊዚዮሎጂን፣ ዕድገትንና የነርቭ ሳይንስን በአንድ ክፍል አጣምሮ ያስተምራል። ከዚህም ወደ ሴል ሕክምና፣ ወደ መድኃኒት ደኅንነት ምርመራና ወደ ጄኔቲክስ ላብራቶሪ መንገድ አለ። ከሁሉ ይበልጥ ቀጥተኛው መካንነትን በሚያክሙ ማዕከላት የሽል ባለሙያ መሆን ነው፤ እንቁላልና የወንድ ዘር አገናኝቶ ሽሉን ቀን በቀን የሚከታተለው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ሳይሆን ሳይንቲስት ነው። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም እንዲህ ያለ ማዕከል አለ።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ተምሮ ሲመለስ መሣሪያው የት ይገኛል?» የሚል ነው። ውድ ማይክሮስኮፕና ዘረመሉ የተለወጠ አይጥ በሁሉም ቦታ እንደማይገኝ እውነት ነው። የዚህ ዘርፍ ትልልቅ ጥያቄዎች ግን በውድ መሣሪያ አልተጀመሩም። የዳበረ የዶሮ እንቁላል፣ ማሞቂያ፣ መቀስና ቀላል ማይክሮስኮፕ ያለው የዩኒቨርሲቲ ክፍል የልብን አጀማመርና የክንፍን አበቃቀል ለተማሪ ማሳየት ይችላል። ከዚያ በላይ የሚፈለገው በመረጃ መዝገብ ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የትኛው አካባቢ፣ በየትኛው ወቅት፣ በምን ዓይነት አመጋገብ የነርቭ ቱቦ ጉድለት ይበዛል? የጥያቄውን ባሕርይ ለሚያውቅ ሰው የወሊድ መዝገብና የደም ናሙና በቂ መነሻ ናቸው። እነዚህን ጥያቄዎች ከኢትዮጵያ እናቶች ጋር የሚኖር ሰው ካልጠየቀ ሌላ ሰው በሙሉ ልብ አይጠይቃቸውም።

በመጨረሻም የኅሊና ጥያቄ አለ፤ ሃይማኖተኛ ቤተሰብ «በሰው ሽል ላይ ይሠራል?» ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። በመጀመሪያ ዲግሪ የላብራቶሪ ሥራ በአብዛኛው የሚካሄደው በዶሮ፣ በዓሣና በዝንብ ነው። በብሪታንያ የ1984ቱ የዋርኖክ ኮሚቴ ሪፖርት የሰው ሽል ከ14 ቀን በላይ በላብራቶሪ እንዳይቆይ መከረ፣ የ1990 ሕግም ከለከለ፤ ከዚያ ላነሰ ጊዜም ቢሆን ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ተማሪው በዚህ ወሰን ላይ የራሱ እምነት ይኑረው፤ ሆኖም የሚከራከርበትን ነገር በደንብ አውቆ መከራከሩ ከማንም በላይ ለእምነቱ ይጠቅማል።

ስለዚህ ምክሩ የተወሰነ ነው። ከማመልከት በፊት የፕሮግራሙን የኮርስ ዝርዝር ከዓመት ዓመት ማንበብ፤ የዕድገት ሥነ ሕይወት በንግግር ብቻ ይሰጣል ወይስ የላብራቶሪ ሥራም አለው ብሎ መጠየቅ፤ የመጨረሻው ዓመት ምርምር በዚህ ዘርፍ ሊሠራ መቻሉን ማረጋገጥ፤ የሙያ ዕውቅናውንም አብሮ ማጣራት። ኮርሱን የወሰደ ሁሉ ተመራማሪ አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ፋርማሲስትም ሆነ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያም ሆነ የፖሊሲ ሠራተኛ ሆኖ፣ አንድ ጉዳት ሲያይ መቼ እንደደረሰና ከዚያ በፊት ምን ማድረግ ይቻል እንደነበር መጠየቅ ከለመደ ትምህርቱ ዋጋውን ከፍሏል። ለ28 ቀን ብቻ በሚከፈት ዕድል የብዙ ሕፃናት ዕጣ በሚወሰንበት አገር ይህን የሚጠይቅ ባለሙያ ማፍራት ቅንጦት ሊባል አይችልም።