ነፍጥ ከጠመንጃ በፊት

ነፍጥና ጠመንጃ ዛሬ የአንድ ዕቃ ሁለት ስም ይመስሉናል። ዕድሜያቸው ግን አይገናኝም፤ የመጡበትም መንገድ ለየቅል ነው። ነፍጥ ከዐረብኛ የተወረሰ ቃል ሲሆን መነሻው ከመሬት የሚፈልቅ፣ እሳት ሲነካው የሚንቦለቦል ዘይት ነው፤ ግብፅን ይገዙ በነበሩት በማምሉኮች ዘመን ደግሞ ባሩድንና በባሩድ የሚተኮሰውን መሣሪያ ሁሉ ይጠሩበት ጀመር። ግብጻዊው ታሪክ ጸሐፊ አል-መቅሪዚ እንደሚለው፣ በዐፄ ይስሐቅ ዘመን (ከ1414 እስከ 1429 እ.ኤ.አ.) አልጡንቡጋ የተባለ ከግብፅ የኮበለለ ማምሉክ የንጉሡን ወታደሮች በነፍጥ መዋጋትን አስተምሯል። እንግዲህ ቃሉ አገራችን ሲገባ የሚነድ እሳት ወይም የባሩድ ስም ነበር ብል ከማስረጃው አልርቅም። ጠመንጃ ግን ከቱርክኛው ‹ታባንጃ› የመጣ ነው፤ ቱርኮች ምጽዋን የያዙት በ1557 መሆኑን ልብ ይሏል።

ሸዋ ላይ ስሞቹ መልካቸውን ይለውጣሉ። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ በአልዩ አምባ በኩል አንኮበር ሲወጣ፣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካመጣው ገጸ በረከት ውስጥ ጠመንጃና መድፍ ነበሩበት። በ1887 ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ እዚያው አንኮበር ደረሰ፤ ምኒልክን ያገኛቸው ግን እንጦጦ ነው። ዓይነቱ ሲበዛ ‹ጠመንጃ› ብቻ ማለት አልበቃም፤ ገዥው የትኛው እንደሆነ መለየት ነበረበት። ስለዚህ የ1874ቱ የፈረንሳይ ‹ፉዚ ግራ› ውጅግራ ተባለ፤ እንግሊዞች መቅደላ ላይ የተኮሱት ስናይደርም ሰናድር ሆነ።

ስሙ ሁሉ የባዕድ ከሆነ ሕዝቡ የተቀበለውን ከመሸከም በቀር ምን ሠራ የሚል ሊነሣ ይችላል። ስሞቹን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ነገሩ እውነት ይመስላል። ግሱን ላየ ግን አይደለም። ተኮሰ ጠመንጃ ሳይታወቅ የታመመን ገላ በጋለ ብረት ማቃጠል ነበር። ጥይትን ወደ መሣሪያው ማስገባት ማጉረስ ተባለ፤ ገበታ ላይ እንደምናጎርሰው ማለት ነው። በጉያ የሚሸጎጠውም ትንሹ መሣሪያ ሽጉጥ ሆነ፤ ይህን ስም ያወጣለት ነጋዴው ሳይሆን ታጣቂው ይመስለኛል።